ስሙን ሸክላው ላይ ያስጻፈ ሰውዬ

ሰሞኑን ጨጓራዬን የላጠው ከመገናኛ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ የሰማሁት «ሪሚክስ» ተብዬ ነው። ዘፈኑ የምንወደው የድሮ ዘፈን ነው፤ ክራሩ ረጋ ብሎ የሚሄድ፣ ድምፃዊው ትንፋሹን ቆጥቦ የሚያወጣው ዓይነት። አንዱ ጎረምሳ ከሥሩ ድም ድም የሚል ከበሮ ዶልበታል። ክራሩ ከበሮውን ሊከተል ይሮጣል፣ አይደርስበትም። ይህ አልበቃ ብሎ በየግማሽ ደቂቃው አንድ ወፍራም ድምፅ የዲጄውን ስም ይጠራል። ዘፋኙ ስለ ፍቅረኛው ዐይን ሊነግረን አፉን ሲከፍት፣ «ዲጄ እገሌ!» ይላል። ረዳቱ ደስ ብሎት ድምፁን ጨመረው።

የዚህ ዓምድ ደንበኞች የካሴት ሽፋን ነገር ካነሳሁ ቶሎ እንደማልመለስ ታውቃላችሁ። ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ ተብሎ ይጻፋል፤ ሚክስ ያደረገው፣ ባሱን የተጫወተው ስሙ የት ገባ እያልኩ ከስንቱ ጋር ተጣልቻለሁ። አሁን ደግሞ ስም ሽፋኑን አልፎ ዘፈኑ ውስጥ ገብቶ ይጮህልኛል። እኔ ይጻፍ ነው ያልኩት። ስለዚህ ዛሬ ሪሚክስ ሠርቶ ስሙን በወጉ ስላስጻፈ አንድ አሜሪካዊ ላጫውታችሁ፤ ቶም ሞልተን ይባላል።

ሞልተን (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በ1940 በኒውዮርክ ግዛት፣ ስኬኔክታዲ በምትባል ከተማ ተወለደ። በወጣትነቱ ለሸክላ አሳታሚዎች በሽያጭና በማስተዋወቅ ሥራ ሲደክም ቆይቶ፣ የሙያው ሸፍጥ ሲያንገሸግሸው ጥሎት ወጣና ሞዴል ሆነ። ዲጄ ሆኖ አያውቅም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከኒውዮርክ ከተማ ብዙም በማይርቀው ፋየር አይላንድ በተባለው ደሴት ለመዝናናት ይሄድና ሰው ሲጨፍር ያያል። ያየው ነገር አናደደው። ዘፈኑ ሦስት ደቂቃ ሆኖት ያልቃል፤ የጨፋሪው ሰውነት ገና መሞቁ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ሸክላ ከፊተኛው ጋር በፍጥነትም በስሜትም አይገጥምም። ሰዉ ቆም ይላል፣ ግራ ይጋባል፣ ወደ መጠጡ ይመለሳል።

እኔ ብሆን አማርሬ እተኛ ነበር። እሱ ግን ቤቱ ገብቶ ዘፈኖችን በሪል ቴፕ እየቀዳ፣ እየቆረጠ፣ እየቀጠለ፣ ፍጥነታቸውን እያስማማ አንዱ ከሌላው ሳይለይ የሚሄድ የ45 ደቂቃ ቴፕ ሠራ። 80 ሰዓት ፈጀበት። መጀመሪያ የወሰደበት ቤት መደበኛ ሥራህን እንዳትለቅ የሚል ዓይነት መልስ ሰጥቶ መለሰው። ሳንድፓይፐር የሚባል ሌላ ጭፈራ ቤት ተቀበለው። እሱ እንደሚያወራው ዓርብ ማታ ሲጫወት ሰዉ ጠላው። ቅዳሜ ሌሊት ስልክ ተደወለለት፤ ከጀርባ ከሚሰማው ጩኸት የተነሳ የደዋዩ ድምፅ አልሰማ አለው። ጨፋሪው አብዶ ነበር።

ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ቅር የሚለኝ አንድ ነገር አለ። ይህ ሁሉ ድካም አዝማሪ ቤት ሁልጊዜ ያለ ነገር ነው። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ሰዉን ያያል። እስክስታው ከሞቀ ስንኝ ይጨምራል፣ ካልሞቀ ያሳጥራል፣ ሽልማት ግንባሩ ላይ ከተለጠፈለት ደግሞ ዘፈኑ ማለቂያ የለውም። ዘፈንን በሦስት ደቂቃ የገደለው ባለ 7 ኢንቹ ትንሽ ሸክላ ነው። ሙዚቃው ከረዘመ መስመሮቹ ተጠጋግተው መጥበብ አለባቸው፤ ሲጠብቡ ድምፁ ይደክማል። የእኛም ዘፋኞች በዚያው ዘመን፣ በአምሐ ሪከርድስም በካይፋም አሳታሚነት ሲያስቀዱ፣ ለዚሁ ሸክላ ነው ዘፈናቸውን ያሳጠሩት።

ወደ ሞልተን ልመለስ። በ1974 ቢ.ቲ. ኤክስፕረስ የሚባል የብሩክሊን ባንድ «ዱ ኢት ቲል ዩር ሳቲስፋይድ» የሚል ዘፈን ነበረው፤ ሦስት ደቂቃ ገደማ። ሞልተን ወደ ስድስት ደቂቃ ወሰደው። ባንዱ ሲሰማው ጠላው። ሕዝቡ ግን ወደደውና በጥቁሮቹ የሙዚቃ ሰንጠረዥ አንደኛ፣ በአጠቃላዩ ሁለተኛ ወጣ። ከዚያ ባንዱ «ሶል ትሬይን» የሚባል የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቀርቦ ስለ ርዝመቱ ሲጠየቅ፣ ሲጀመርም እንዲህ አድርገን ነው የቀዳነው ብሎ አረፈው። ሞልተን ይህን ታሪክ ከስንት ዘመን በኋላም ሲያወራ ይቆጣል። እኔም አብሬው እቆጣለሁ! የዚህ ዓይነቱን መካድ እዚህ አገር ስንት አቀናባሪ ቀምሶታል።

መቼም ልቤ ወደ አገሬ መሄዱ አይቀርም፤ ያ ዘፈን በአሜሪካ ጭፈራ ቤቶች ሲቀልጥ እኛ ዘንድ ደርግ ንጉሡን ካወረደ ገና ወራት መቆጠሩ ነው። ሰዓት እላፊ ታወጀና የአዲስ አበባ ሌሊት ተዘጋ። እነሱ ዘፈኑን እስኪነጋ ሲያስረዝሙ እኛ ከሰዓት እላፊ በፊት ቤታችን ለመግባት ስንሯሯጥ ዓመታት አለፉ። ለነገሩ ብልጦቹ ጭፈራ ቤት ውስጥ ተዘግቶባቸው ያድሩ ነበር ይባላል።

አሁን የሞልተንን እጅ ቀረብ ብላችሁ እዩልኝ፤ የታክሲውን ሪሚክስ ያስጠላኝ ይህ ነው። ዶን ዳውኒንግ የሚባል ዘፋኝ «ድሪም ወርልድ» የሚል ዘፈን ነበረው። ሞልተን ሊያስረዝመው ፈለገ። ችግሩ ዘፈኑ መሃል ላይ ኪዩ፣ ማለት ዜማው የቆመበት የድምፅ እርከን፣ ከፍ ይላል፤ ወደ መጀመሪያው ልመለስ ቢል ጆሮ ላይ ይሰበራል። ምን አደረገ? መሣሪያውን ሁሉ አወጣና ከበሮውንና ምቱን ብቻ ተወው። ከበሮ ኪይ የለውም። ጆሮ የቀድሞውን ኪይ እስኪረሳ ምቱ ብቻውን ሄደ፤ ከዚያ ባሱ ገባ፣ ሌላው ተከተለ፣ ዘፈኑ ከመነሻው ጀመረ። ጨፋሪው በዚያ ባዶ ከበሮ ላይ ጮኸ። ከዚያ ወዲህ ዲስኮ ያለዚያ ክፍተት አልሆነለትም።

ልብ በሉ፣ ሰውየው ቀነሰ እንጂ አንድ ነገር አልጨመረም። የእኛ ልጅ ደግሞ ክራሩ ላይ ከበሮ ጫነበት፣ ከበሮው ላይ ስሙን ጫነበት። ጭነት ነው የሠራው።

ለረጅሙ ዘፈን ቦታ የሰጠው ባለ 12 ኢንቹ ሸክላም የመጣው ባዶ ሸክላ አልቆ ነው። ሆዜ ሮድሪገስ የሚባል ሸክላ ቆራጭ ነበር፤ ሞልተን አንድ ዘፈን ለሙከራ ሊያስቆርጥ ሄዶ ባለ 7 ኢንቹ ባዶ አልቋል አለውና በባለ 10 ኢንች ቆረጠለት። ያቺ አጭር ዘፈን ትልቁ ሸክላ ላይ አንድ ጠርዝ ይዛ ስትቀመጥ ሞልተንን አስጠላችው። ሮድሪገስ እንግዲያው መስመሮቹን እናራርቃቸው፣ ድምፁንም ከፍ እናድርገው አለ። ሲያጫውቱት ባሱ ደረት መታ። ወደ 12 ኢንች ለማደግ ብዙም አልቆዩም። በ1976 ሳልሶል የተባለው አሳታሚ ደብል ኤክስፖዠር የሚባሉ ዘፋኞች የዘፈኑትን፣ ዲጄው ዋልተር ጊበንስ ከ9 ደቂቃ በላይ ያደረገውን «ቴን ፐርሰንት» በዚሁ መጠን ለገበያ አወጣ።

ዘፋኟ ግሎሪያ ጌይነር በ1975 ባወጣችው አልበም የአንደኛው ገጽ ሦስት ዘፈኖች ሳይቋረጡ ከ18 ደቂቃ በላይ የሚሄዱት በሞልተን እጅ ነው። ስትሰማው፣ እኔ እኮ ብዙም አልዘፈንኩም ብላ ቅር እንዳላት እሱ ራሱ ይናገራል። እውነቷን ነው። በሪሚክስ ዘፋኝ ንጉሥ መሆኑ ይቀራል፤ ከባሱና ከኮንጋው እኩል ይቆማል። ብዙ ድምፃውያን ሪሚክስ የሚጠሉበት ምክንያት ይህ ይመስለኛል። «ሰው የሠራውን መነካካት ምን ሥራ ነው» የሚሉኝ ወዳጆቼም አሉ። እነሱን 80 ሰዓት ቴፕ ሲቆርጡ ማየት ነው የምፈልገው።

ከዚያ በኋላ ሞልተን የነካው ሸክላ ላይ ሁሉ «የቶም ሞልተን ሚክስ» ብሎ ማስጻፍ ያዘ። ገዢው ዘፋኙን ባያውቅም ያን መስመር አይቶ ይገዛ ነበር። ስሙን እንዲህ ነው ያስከበረው፤ ዘፈኑ ውስጥ አንዴም አልጮኸም።

ፕሮዲዩሰርነቱ ላይ ግን ብዙ አላመሰግነውም። የዘፋኟን የግሬስ ጆንስን የመጀመሪያ ሦስት አልበሞች ከ1977 እስከ 1979 የሠራው እሱ ነው። «ላ ቪ አን ሮዝ» የሚለውን ዘፈን አውጥታችሁ ብትጥሉ ከሦስቱ ብዙም የሚቀር አይታየኝም። እሷም ወደ ባሃማስ ሄዳ ከሌሎች ጋር ስትሠራ ነው ግሬስ ጆንስ የሆነችው። ሞልተን ከባዶ ሲነሳ ሌላ ሰው ነው፤ የተሠራ ነገር ሲሰጡት ነው አዋቂነቱ የሚወጣው። እንደዚህ ያለ ሰው ደግሞ በየሙያው አለ፤ አርታኢዎቼን ጨምሮ።

በ1979 ሐምሌ ላይ ቺካጎ በአንድ የቤዝቦል ሜዳ የዲስኮ ሸክላ ክምር በፈንጂ ሲነድ ሕዝብ ጨፈረ፤ የዲስኮ ዘመንም አለፈ። ሞልተን ግን አልጠፋም። በ2012፣ ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ የፊላዴልፊያን የድሮ ዘፈኖች እንደገና ከፍቶ በአራት ሲዲ አወጣ። የሚከፈት ነገር ስለነበረው ነው። ሲግማ ሳውንድ የተባለው የፊላዴልፊያ ስቱዲዮ ባሱን በአንድ፣ ከበሮውን በሌላ፣ ቫዮሊኖቹን በሌላ መስመር ለይቶ ቀድቶ ቴፖቹን አኑሯቸዋል። ከ6,000 በላይ የሚሆኑት ዛሬ እዚያው ከተማ በድሬክስል ዩኒቨርሲቲ ተቀምጠዋል።

እንግዲህ በታክሲው ልጅ ላይ የጀመርኩት ቁጣ እዚህ ላይ ትንሽ በረደልኝ። ከክራሩ ላይ ምን እንዲቀንስ ነው የምፈልገው? እጁ ላይ ያለው ከካሴት ወደ ኮምፒውተር የተገለበጠ፣ ሁሉም ነገር አንድ ላይ የተጋገረ ቅጂ ነው። በአምሐና በካይፋ ዘመን የተቀዳው አብዛኛው ሥራ ባንዱና ድምፃዊው አንድ ክፍል ውስጥ አብረው ተጫውተው ነው፤ የሚነጣጠል ነገር የለውም። ለይቶ መቅዳት ከመጣ በኋላ የተሠራው ደግሞ፣ ስንቱ ሪል ሌላ ዘፈን እንደተቀዳበት፣ ስንቱ በእርጥበት እንደተላጠ የስቱዲዮ ሰዎች ያውቁታል። መጨመር እንጂ መቀነስ የማይችል ልጅ ያሳደግነው እኛው ነን። ስሙን የሚያስጮኸው ግን ራሱ ነው፣ እሱን አልምርለትም።

በደርግ ጊዜም ሆነ ከዚያ ወዲህ ስቱዲዮ የነበራችሁ፣ ሙዚቃ ቤት የከፈታችሁ፣ ከአባታችሁ መጋዘን የወረሳችሁ፦ ካርቶን ውስጥ ሪል ካለ ለቆራሌው አትስጡት። እንጫወተዋለን ብላችሁም አሮጌ ማሽን ላይ አትስቀሉት፣ ቴፑ ይበጠሳል። ባለሙያ እስክታገኙ ደረቅ ቦታ አቁማችሁ አስቀምጡት። ባስ ማን እንደተጫወተ፣ ድራም ማን እንደመታ፣ ማን እንደቀዳው የሚያስታውስ ሰው በሕይወት ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ደውሉለትና ካርቶኑ ላይ ጻፉት።