ኮንጎን የናቀ ተራራውን አያውቀውም

ፎቶው በየጊዜው ይዞራል። አንድ የሰሜን ተራራ ስካውት ገደል አፋፍ ላይ ቆሟል። ጋቢ ተከናንቧል፣ ክላሽ አንግቷል፣ ከኋላው ጭላዳ ሣር ይነቅላል። እግሩ ላይ ኮንጎ አለ። ከፎቶው ሥር የሚጻፈው ሁልጊዜ ሁለት ዓይነት ነው። ግማሹ «ምስኪን፣ ጫማ እንኳ የለውም» ይላል። ግማሹ ደግሞ «ይሄ ነው ጀግና! ፈረንጅ በስንት ሺህ ብር ቡት የሚያቅተውን በላስቲክ ጫማ ይወጣዋል» ብሎ ይፎክራል። ከዚያ አዛኙም ፎካሪውም ስልኩን አስቀምጦ ይተኛል።

ጠቤ ከሁለቱም ጋር ነው።

ከአዛኙ ልጀምር። ወንድሜ፣ ሰውዬው ጫማ አለው። ኮንጎ ጫማ ነው። ያውም እዚያ ተራራ ላይ ሊተካው የመጣውን ሁሉ እስካሁን ያሸነፈ ጫማ ነው። ለምን እንዳሸነፈ የሚገባን ተራራው ከእግር ምን እንደሚጠይቅ ስናውቅ ነው።

በኅዳር ጠዋት ከጨነቅ ካምፕ ተነሡ እንበል፤ ከፍታው 3,600 ሜትር ግድም ነው። ጓሳው ውርጭ ለብሷል፣ ሲረገጥ ይንኮሻኮሻል። ጅባራውን እያለፋችሁ ወደ ቧሂት በር ትወጣላችሁ፣ ወደ 4,200 ሜትር። ጠጠሩ ከእግር ሥር ይሸሻል። ከበሩ ወዲያ ቁልቁለቱ ነው፤ እስከ መሸሃ ወንዝ 1,400 ሜትር ያህል ትወርዳላችሁ። ጠዋት ጣት ያደነዘዘው ብርድ ቀርቶ እዚያ ታች ሙቀትና አቧራ ነው፣ የገብስ ማሳ ጓል ነው። ወንዙን ተሻግራችሁ እንደገና ሽቅብ ወደ አምቢቆ። በነጋታው ገና በጨለማ ወደ ራስ ደጀን፣ ከ4,500 ሜትር በላይ። ይህ እንግዲህ የበጋው መንገድ ነው። ክረምት ሲገባ ያው መንገድ ጭቃና ጎርፍ ይሆናል፣ ከላይ በረዶ ይወርድበታል።

ውርጭ፣ ልል ጠጠር፣ ትኩስ አቧራ፣ ወንዝ፣ ጭቃ፤ ሁሉም በአንድ ጫማ፣ በሁለት ቀን ውስጥ። ቱሪስቱ ይህን በዕድሜው አንዴ ያደርገዋል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይሄዳል። ለስካውቱና ለበቅሎ ነጂው ግን የሥራ ቀን ነው። ለጃናሞራና ለበየዳ ገበሬ ደግሞ ሥራ እንኳ አይባልም፤ ገበያ፣ ወፍጮ ቤት፣ ለቅሶና ክርስትና የሚደረስበት መንገድ ነው።

ነገሩ አዲስም አይደለም። ስሙን የማናውቀው አንድ የአክሱም ንጉሥ ዘመቻውን በግሪክኛ አዱሊስ ላይ አስቀርጾ ነበር። ኮስማስ የሚባል ነጋዴ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ገልብጦ ስላቆየው ዛሬም ይነበባል። ንጉሡ ስለ ሰሜን ሰዎች አገር ሲናገር ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰምጥበት በረዶ እንዳለ ያነሣል። ሠራዊቱ ምን ተጫምቶ እንደወጣ ግን አይነግረንም። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሪፖርት ጸሐፊም በዚህ ረገድ ከንጉሡ አልተሻለም።

ሌላው ዓለም ስለ ተራራና ስለ እግር እንዴት እንደሚያወራ ልንገራችሁ። በረዶ ባለበት አገር ስኪ የሚባል ነገር አለ፤ ከጫማ ሥር ታስሮ በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት ረጅም ጠፍጣፋ መጫሚያ ነው። ልጃችን ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን፣ በ2010 በቫንኩቨር የክረምት ኦሊምፒክ ላይ የኢትዮጵያን ስም ይዞ የተወዳደረበት ነው። ለልምምድ አዲስ አበባ አስፋልት ላይ ባለ ጎማ ስኪ ሲነዳ ያየው ሰው ምን ብሎ እንደሳቀ መገመት አያቅትም። ታዲያ በእነዚያ አገሮች ትልልቅ ተራራ የሚወዱ ሰዎች አንድ የማያልቅ ክርክር አላቸው። አንድ ስኪ ብቻ ልግዛ ብል፣ በየቀኑ፣ በሁሉም ዓይነት በረዶ፣ ገደላማ ተራራ ላይ የማያሳፍረኝ የቱ ነው? ሰፊው ለስላሳ በረዶ ላይ ይንሳፈፋል፤ በጠጣሩ ላይ ግን ጠርዙ ቶሎ አይነክስም። ጠባቡ ጠጣሩን ይነክሳል፣ ለስላሳው ላይ ይሰምጣል። ጠንካራው በፍጥነት ሲወርዱበት አይንቀጠቀጥም፤ ጉልበት ያነሰውን ሰው ግን ያሠቃያል። ስፋቱን በሚሊሜትር እየቆጠሩ ይጨቃጨቃሉ። ፋብሪካው ሰምቶ ለቀጣዩ ዓመት ያሻሽላል።

አልስቅባቸውም። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የሚያናድደኝ እነሱ ለመዝናኛ የሚጠይቁትን እኛ ለእንጀራ እንኳ ጠይቀን አለማወቃችን ነው። ራስ ደጀን ከአብዛኞቹ የአልፕስ ጫፎች ይበልጣል። ሽቅቡን በገመድ ወንበር የሚጎትተን የለም። ሆኖም «አንድ ጫማ፣ በየቀኑ፣ ለሁሉም ወቅት፣ ለሰሜን ተራራ» ብሎ የተነሣ ፋብሪካም፣ ቢሮም፣ ዩኒቨርሲቲም አላየሁም። ጥያቄውን ብቻውን የመለሰው ገበሬው ነው። መልሱም ኮንጎ ነው።

ሞኝ ስለሆነ አይደለም የመረጠው። ቆዳ ጫማ አንዴ ከራሰ በደባርቅ ክረምት ቀናት ያልፋሉ እንጂ አይደርቅም። ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ጠዋት እንደ እንጨት ይደርቃል፣ እሳት ዳር ካስጠጉት ይሰነጠቃል። ኮንጎ ከወንዝ ሲወጣ ሁለቴ ረገፍ ረገፍ አድርገውት መንገድ ነው። ጭቃ አይጠጣም። ክር የለውም። ሲቀደድ በጋለ ብረት አቅልጠው ያጣብቁታል። ዋጋው ከአንድ ገበያ እንቁላልና ጎመን ይወጣል። እስቲ ይህን ሁሉ የሚያሟላ ቡት አምጡና አሳዩኝ።

ሰልባጁን አምጥተውልን ነበር። ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ብትሄዱ ስሙ የታወቀ የተራራ ቡት ከክምሩ መሀል ታገኛላችሁ፤ ሲያዩት ያምራል። ነገር ግን የብዙዎቹ ቡቶች መሀል ሶል ፖሊዩሪቴን ከሚባል ስፖንጅ መሰል ነገር የተሠራ ነው። ይህ ነገር በእርጥበት ምክንያት በዓመታት ውስጥ ሳይለበስም ይበሰብሳል። መጋዘን ከርሞ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ቦንዳ ውስጥ ታሽጎ የመጣው ቡት ከላይ አዲስ ይመስላል፤ ሊማሊሞን ሳይጨርስ ሶሉ እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። ያኔ ሰውዬው በአንድ እግሩ ቡት፣ በሌላው ካልሲ ይዞ ይመለሳል።

እርዳታውንም አይተናል። አንድ ጊዜ ስሙን የማልጠራው አካል ለበቅሎ ነጂዎች የሥራ ጫማ አደለ። ጫፉ ላይ ብረት ያለበት፣ ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ እንዳይወድቅብህ የሚለበሰው ዓይነት። ርክክቡ በፎቶ ተነሣ። ሁለት ወር ሳይሞላ ጫማው ገበያ ወጣ፣ ነጂዎቹም ወደ ኮንጎአቸው ተመለሱ። «ምስጋና ቢሶች» ተባሉ። አንዱን ጎልማሳ ለምን ሸጥከው አያ ብለው፣ «ልጄ፣ ያ ጫማ ለቆመ ሰው ነው» አለኝ። ብረቱ በውርጭ ጣቱን ያደነዝዘዋል፣ ቁልቁለት ሲወርድ ጥፍሩን ይመታዋል፣ ክብደቱ ከበቅሎ እኩል እንዳይራመድ ይይዘዋል። አዳዮቹ ከማደላቸው በፊት አንድ ቀን ቧሂትን ወጥተውበት ቢሆን ይህን ሁሉ እግራቸው ይነግራቸው ነበር።

ሌላም ነገር አለ። በባዶ እግሩ ወይም በክፍት ጫማ ያደገ ሰው እግሩ ከፊት ሰፊ ነው፣ ጣቶቹ የተዘረጉ ናቸው። ከውጭ የሚመጣው ቡት ደግሞ በብዛት የሚሠራው ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ውስጥ ታስሮ ላደገ ጠባብ እግር ነው። «ቁጥሩ 42 ነው» ብላችሁ ትሰጡታላችሁ፤ ርዝመቱ ልክ ነው፣ ወርዱ ግን ወጥመድ ነው።

አሁን ወደ ፎካሪው። ፎካሪው ወዲያው አበበ ቢቂላን ይጠራል፤ ሮም፣ እ.ኤ.አ. 1960፣ ባዶ እግር። እሺ። ግን አበበ በባዶ እግሩ የሮጠው ፍልስፍና ስለነበረው አይደለም፣ የቀረበለት ጫማ እግሩን ስላልተስማማው ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ተጫምቶ ሮጠ። በሮም 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገብቶ ነበር፤ በቶኪዮ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ፤ ያውም ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ጥቂት ሳምንት ብቻ ቆይቶ። የሮሙን ፎቶ ግድግዳ ላይ የሰቀለ ሁሉ የቶኪዮውን ለምን እንደማይሰቅል ራሱን ይጠይቅ። የሌላ ሰው እግር ሲደማ ለማየት የምንከፍለው ዋጋ ስለሌለ፣ ጀግንነት እያልን እናልፈዋለን።

ኮንጎ አሸንፏል አልኩ እንጂ ደህና ነው አላልኩም። ላስቲኩ አይተነፍስም፣ በሙቀት እግር ውስጡ ይቀቀላል። በብርድ ይደርቃል፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ ያንሸራትታል። ጠጠር በቀዳዳው ይገባል። ተረከዝ ይልጣል። ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ነገር የለውም፤ ከቤቱ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ እግሩ የዞረ ሰው ጤና ጣቢያ የሚደርሰው በሰው ትከሻ ነው። ከተራራው ዝቅ ባለው ቀይ አፈር አገር ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይከፋል። በደጋው ያለው ዝሆኔ ከትንኝ አይመጣም፣ እርግማንም አይደለም፣ የዘር ኃጢአትም አይደለም። ከእሳተ ገሞራ የተፈጠረው ቀይ አፈር ለዓመታት ባዶ እግር ውስጥ እየገባ የሚያመጣው ነው። በአገራችን ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰው ከዚህ በሽታ ጋር እንደሚኖር ይገመታል። መከላከያው በየቀኑ እግርን መታጠብና እግርን የሚሸፍን ጫማ ነው። ሌላ ክትባት የለውም። እንግዲህ ስለ ጫማ ማውራት ቅንጦት የሚመስላችሁ፣ እግሩ ስላበጠ ከሠርግ ቤት የቀረውን ሰው ጠይቁት።

«ይህን የሚሠራ አቅም የለንም» የሚለኝ ይኖራል። በከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ የሆነ አገር ውስጥ ተቀምጦ! ዱከም ላይ እኮ የቻይናው ሁዋጂየን እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ለውጭ ገበያ የሴት ጫማ ሲሠራ ኖሯል፤ የሰፉት እጆች የእኛ ልጆች እጆች ናቸው። ከመኪና ጎማ የሚቆረጠውን በረባሶ ቤተልሔም ጥላሁን ወስዳ በሶል ሬብልስ ስም ለዓለም ሸጠችው። እጅ አለ፣ ቆዳ አለ፣ ጎማ አለ። የጎደለው ክብር ነው። ቆዳ የሚያለፋውን ሰው «ፋቂ» ብለን አብረነው ማዕድ ሳንቆርስ ስንት ትውልድ ኖርን? የናቅነው እጅ ጥሩ ጫማ ሳይሠራልን ቢቀር ምን ይገርማል?

የምለው ጫማ ተረት አይደለም። ሶሉ እንደ በረባሶ ጎማ የማያልቅ፣ ግን ጥልቅ ጥርስ የተቆረጠለት። የገባው ውሃ ተመልሶ የሚወጣበት። ከፊት ሰፊ። ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ ግን ቀላል። ከሁሉ በላይ የተሰፋ እንጂ የተለጠፈ ብቻ ያልሆነ፤ ሲፈታ ደባርቅ ያለ ጫማ ሰፊ በመርፌና በክር የሚመልሰው። ሃያ ጥንድ ሥሩ፣ ለሃያ ስካውትና በቅሎ ነጂ ስጡ፣ ከሰኔ እስከ ሰኔ ይሂዱበት። ከዚያ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ባለሙያ አትሰብስቡ። እነሱን ጠይቁ።

ማን ይክፈል? ጎብኚ ያለ ስካውት ፓርኩ ውስጥ እንዳይገባ ደንብ ካለ የስካውቱ እግር የግል ጉዳዩ ሊሆን አይችልም። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ሆነ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ተመደበ፣ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጣ። ዋልያ ተቆጠረ፣ ቀይ ቀበሮ ተቆጠረ፣ የግጭ ሰው ከመንደሩ ተነሥቶ ደባርቅ ሰፈረ። በዚህ ሁሉ መሀል የስካውቶቹን የጫማ ቁጥር የመዘገበ ሰው ካለ ስሙን ንገሩኝና እዚሁ ቻናል ላይ አመሰግነዋለሁ።

«አገር በጦርነት እየታመሰ ስለ ጫማ ታወራለህ?» አዎ፣ አወራለሁ። መጀመሪያ ኮሮና፣ ከዚያ ጦርነት መጥቶ ቱሪስቱ ከሳሳ ወዲህ የበቅሎ ነጂው ገቢ ደርቋል። ፈረንጁ ጉዞውን ሲጨርስ «ይኸው ውሰደው» ብሎ ቡቱን አውልቆ የሚሰጥበት ዘመንም አብሮ ቀርቷል። መንገዱ ግን አልቀረም። መኪና ሲቆም፣ ኬላ ሲዘጋ፣ ነዳጅ ሲጠፋ ሕዝቡ በምን የሄደ መሰላችሁ?

ለፋብሪካ ባለቤቶች፦ ልኬት ከፈለጋችሁ የደባርቅን የገበያ ቀን ጠይቃችሁ ኑ። ከጃናሞራ፣ ከዳባት፣ ከአዲአርቃይ የመጣ እግር ቀኑን ሙሉ በፊታችሁ ያልፋል። ፎርማ ስታመጡ ጠባቡን ዱከም ተዉት፣ ሰፊውን ይዛችሁ ኑ።