መኪና በመንገድ ዳር በነፃ ሊቆም ይገባልን?

በገበያ ቀን በመርካቶ ጠባብ መንገዶች ስትተላለፉ አንድ ነገር ሳታስተውሉ አልቀራችሁም። መኪኖች በእግረኛው መንገድ ላይ ይቆማሉ፤ እግረኛውም በመኪናው መንገድ ይሄዳል። ሸክም የተሸከመው ወዛደር፣ ልጅ ያዘለችው እናት፣ ምርኩዝ የያዙት አዛውንት ሁሉ ወደ አስፋልቱ ወርደው ከታክሲ ጋር ይጋፋሉ። ባለመኪናው በነፃ ያቆመ ይመስለዋል፤ ዋጋውን ግን እነርሱ ይከፍሉለታል።

በእኔ አስተያየት፣ በተጨናነቀ ከተማ ውስጥ መኪናውን በመንገድ ዳር የሚያቆም ሰው ሊከፍልበት ይገባል። አንድ ትንሽ አውቶሞቢል ከ10 ካሬ ሜትር የማያንስ ስፍራ ይይዛል። ይህን የሚያህል ቦታ በመርካቶ ለሱቅ ቢከራይ ስንት እንደሚያወጣ፣ የነጋዴ ልጆች የሆናችሁ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ።

«መንገዱ የሕዝብ ነው፤ ግብርም ከፍዬበታለሁ» የሚሉ አሉ። የሕዝብ መሆኑስ እውነት ነው። ነገር ግን የሕዝብ ስለ ሆነ አንድ ሰው ከጧት እስከ ማታ ብቻውን ሊይዘው አይገባም። በአሜሪካ አገር በኦክላሆማ ሲቲ ከተማ የደረሰው ችግር ይኸው ነበር። የመሥሪያ ቤትና የሱቅ ሠራተኞች መኪናቸውን በየመደብሩ ደጅ አቁመው ስለሚውሉ ገዢው ማቆሚያ አጣ። ከዚህም የተነሣ በ1935 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ካርል ማጊ የተባለ ጋዜጠኛ ያሳሰበው ሳንቲም የሚጎርስ መቁጠሪያ በመንገድ ዳር ተተከለ። ዋጋው ለአንድ ሰዓት 5 ሳንቲም ነበር። ገንዘቡ እጅግ ጥቂት ቢሆንም፣ ያለ ጉዳይ ቆሞ የሚውለውን መኪና ለማስነሣት በቃ።

እኛም ዘንድ ማቆሚያ ጨርሶ አልታጣም። በ2013 ዓ.ም. ታድሶ የተከፈተው መስቀል አደባባይ ከመሬት በታች ለ1,400 ያህል መኪኖች የሚበቃ ስፍራ አለው። ይሁንና ላይ በነፃ ማቆም እስከ ተቻለ ድረስ ከፍሎ ወደ ምድር ቤት የሚወርድ ማን ነው?

ክፍያው ግን ሥርዓት ሊኖረው ይገባል። በአዲስ አበባ በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ሒሳቡን በጊዜ እየቈጠሩ ሲሰበስቡ ኖረዋል፤ ሥራውም እንጀራቸው ነው። ቢሆንም ያለ ደረሰኝ የተከፈለ ገንዘብ የት እንደ ገባ ማንም ሊያውቀው አይችልም። ስለዚህ ሰዓቱ የተጻፈበት ደረሰኝ ያልተሰጠው ባለመኪና፣ አልከፍልም ለማለት መብት እንዲኖረው በደንብ ሊጻፍለት ይገባል።