ካርታው ለምለም፣ ሜዳው ደረቅ፦ የግጦሽ ትንበያ በአፍሪካ ቀንድ

በሰሜን ኬንያ፣ ማርሳቢት፣ እ.አ.አ. በ2010 ለአርብቶ አደሮች የተጀመረው የከብት መድን የሞተ ከብት አይቆጥርም። ሳተላይት የመሬቱን ልምላሜ ይለካል፤ ልምላሜው ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ ካሳ ይከፈላል። አሠራሩ በ2012 ወደ ቦረና ተሻግሯል። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ዝናብ ለአምስት ተከታታይ ወቅቶች የነሳው ድርቅም የግጦሽ ካርታ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ አሳይቷል።

ሳተላይት የሚያየው ግን የዛሬውን ነው። በመጪዎቹ አሥርት ዓመታት ሣር የት እንደሚበቅል፣ ቁጥቋጦ የት እንደሚስፋፋ ለመገመት ተመራማሪዎች እንደ ኤልፒጄ-ጌስ ያሉ የዕፀዋት ሞዴሎችን ይጠቀማሉ። ሞዴሎቹ ከዝናብ፣ ከሙቀትና ከአፈር ዓይነት ተነሥተው ያሰላሉ። ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ ካርታ ሳይሆን ረጅም ሰንጠረዥ ነው፦ ኬንትሮስ፣ ኬክሮስ፣ ዓመት፣ ከዚያም የሣሩና የዛፉ መጠን።

ሰንጠረዡን ከወረዳ ወሰንና ከውኃ ጉድጓዶች ጋር ለማነጻጸር፣ ራስተር ወደሚባለው፣ በእኩል ካሬዎች ወደተከፋፈለ ካርታ መቀየር ያስፈልጋል። ሥራው ተራ ቢመስልም ብዙ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በሰንጠረዡ የሰፈረው ነጥብ እንደ ልማዱ የካሬው መሐል ነው። በስተደቡብ ምዕራብ ያለው ጥግ ተደርጎ ከተወሰደ ካርታው በሙሉ በግማሽ ካሬ ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ ይንሸራተታል። በተለመደው የግማሽ ዲግሪ ስሌት አንዱ ካሬ በምድር ወገብ አካባቢ በየጎኑ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ስሕተቱ በየአቅጣጫው ወደ 28 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ሞያሌ ላይ የኬንያን ሜዳ ኢትዮጵያ ውስጥ ለማስገባት ይበቃል። መረጃ የሌለበት ቦታ በዜሮ ከተሞላ ደግሞ የቱርካና ሐይቅ በረሃ መስሎ ይታያል፤ የአካባቢውንም አማካይ ይዞት ይወርዳል።

በትክክል የተሠራ ካርታም ቢሆን የሚሰውረው አለ። 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ለሚሆን መሬት አንድ ቁጥር ሲሰጥ፣ የማርሳቢት ተራራ ደንና ከግርጌው ያለው ደረቅ ቆላ በአንድ አማካይ ሊጠቃለሉ ይችላሉ። ኮምፒውተር ካሬውን ወደ ትናንሽ ካሬዎች መክፈል አይሳነውም። ካርታው የጠራ ይመስላል እንጂ አዲስ መረጃ አልተጨመረበትም፤ አደገኛውም ይህ ነው፣ ባለሥልጣን የሚያምነው የጠራውን ነውና።

አረንጓዴ ሁሉም ግጦሽ አይደለም። በአፋር፣ በባሪንጎና በቱርካና የተስፋፋው ፕሮሶፒስ ሥሩ ጥልቅ በመሆኑ በበጋም ለምለም ነው፤ ሣሩን ግን ያጠፋዋል። ሳተላይት ልምላሜውን ይመዘግባል። በርካታ ሞዴሎች ደግሞ የሚያሰሉት የአየር ንብረቱ ሊያበቅል የሚችለውን ዕፀዋት እንጂ መጤ አረም የወረረውን መሬት አይደለም።

አፋሮች መንጋቸውን ከማንቀሳቀሳቸው በፊት ግጦሹን የሚያጣራ ሰው ይልካሉ፤ ልማዱን ኤዶ ይሉታል። የተላከው ሰው ሣሩ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ውኃ መኖሩን፣ ሌላ መንጋ ቀድሞ መስፈሩንና በሽታ መግባቱን ይዞ ይመለሳል። ከእነዚህ አብዛኞቹ በሞዴሉ ሰንጠረዥ ውስጥ ዓምድ የላቸውም።