ክራራችንን ማን ይቃኝልን?

ዛሬ ዛሬ በየተማሪው የሙዚቃ ክበብ አንድ ልማድ ሥር ሰዷል። ክራር ያነሣ ሁሉ ጆሮውን ወደ አውታሩ በማዘንበል ፈንታ ዓይኑን ስልኩ ላይ ይተክልና፣ መርፌዋ መካከል ላይ ቆማ አረንጓዴው መብራት እስኪበራ ድረስ መቃኛውን ያዞራል። መብራቱ ሲበራ ክራሩ «ተቃኘ» ይባላል። ባልንጀራው «ይህኛው ጥቂት ከፍ አላለብህም?» ብሎ ቢጠይቀው መልሱ ስልኩን ማሳየት ነው። ውድ አንባቢ፣ እኔ ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ይህ መልስ መልስ አይደለም ለማለት ነው።

ነገሩ የስሜት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል በቁጥር ልጀምር። መነሻ የሆነው አውታር በሰከንድ 200 ጊዜ ይነዝራል እንበል። 400 ጊዜ የሚነዝረው ያው ድምፅ ቀጥኖ ሲመጣ ነው፤ ስድስት አውታር ባለው ክራር ላይ አንዱ አውታር አብዛኛውን ጊዜ የሚያገለግለው ለዚህ ነው። 300 የሚነዝረው ደግሞ ከመነሻው ጋር 3 ለ 2 ሆኖ ይስማማል። እነዚህ ሁለቱ አብረው ሲመቱ ድምፃቸው እንደ አንድ ሆኖ ይረጋል። አንዱ ጥቂት ከተዛነፈ ግን ድምፁ ከፍ ዝቅ እያለ ይወዛወዛል። ይህን ለመለየት ሒሳብ መማር አያስፈልግም፤ ጆሮ ያለ አስተማሪ ያውቀዋል።

አሁን ሜጀር የሚባለውን ትዝታ እንቃኝ። ከ200 ተነሥተን 300ን አገኘን። ከ300 በ4 ለ 3 ስንወርድ 225፣ ከዚያ በ3 ለ 2 ስንወጣ 337 ተኩል፣ እንደገና በ4 ለ 3 ስንወርድ 253 ከጥቂት ትርፍ ጋር እናገኛለን። አምስቱ ድምፆች ሞሉ። ነገር ግን ይህ የመጨረሻው ድምፅ፣ በእርከኑ ላይ ሦስተኛ የሆነው፣ ከመነሻው ጋር ሲመታ አይረጋም። ስለዚህ ሌላ ቃኚ አውታሩን ጥቂት ያላላውና 250 ላይ ያሳርፈዋል፤ 5 ለ 4 ማለት ነው። የመጀመሪያው ብሩህና የተወጠረ፣ ሁለተኛው ለስላሳና የረጋ ነው። ሁለቱም ምክንያት አላቸው፤ የሚመርጠው ተጫዋቹ ነው። ስልኩ የሚያዘው ግን 252 ነው። ይህ ቁጥር ከመነሻው ጋር በሰከንድ 8 ጊዜ ያህል ይወዛወዛል። እንግዲህ ስልኩ ሁለቱንም ምርጫ ከልክሎ የማንም ያልሆነ ሦስተኛ አመጣ ማለት ነው።

252 ከየት መጣ? ከፒያኖ። በ3 ለ 2 አሥራ ሁለት ጊዜ ብንወጣ፣ በእጥፍ ሰባት ጊዜ ከመውጣት ጥቂት ይበልጣል። ይህች ትርፍ የትም አትጠፋም። ፒያኖ ከየትኛውም ቁልፍ ተነሥቶ እንደገና ሳይቃኝ መጫወት ስላለበት፣ ትርፏን ለአሥራ ሁለቱም ድምፆች እኩል አካፍሎ ሁሉንም በጥቂቱ ያዛንፋል። ለፒያኖ ብልህ መፍትሔ ነው፤ አልነቅፈውም። ክራር ግን አምስት ወይም ስድስት አውታር ይዞ፣ ከትዝታ ወደ ባቲ፣ ከባቲ ወደ አምባሰል ወይም ወደ አንቺ ሆዬ ሲዛወር በየጊዜው የሚቃኝ መሣሪያ ነው። ፒያኖ የገባውን ዕዳ ክራር ለምን ይክፈል?

የሚያስገርመው ደግሞ የመለኪያው ታሪክ ነው። እንግሊዛዊው አሌክሳንደር ኤሊስ በ1885 እ.ኤ.አ. የልዩ ልዩ ሕዝቦችን የሙዚቃ እርከኖች ሲመረምር፣ የፒያኖውን ግማሽ እርምጃ መቶ ቦታ ከፍሎ አንዱን ክፋይ ሴንት አለው። በዚህ መለኪያ የረጋው ሦስተኛ 386፣ የፒያኖው 400፣ ደረጃ በደረጃ የተገኘው 408 ነው። ኤሊስ የደረሰበት መደምደሚያ የሰው ልጅ የሙዚቃ እርከን አንድ ሳይሆን ብዙ ነው የሚል ነበር። ዛሬ በስልካችን ላይ ያለው መርፌ የሚቆጥረው በዚያው በእርሱ ሴንት ነው፤ የሚያዘው ግን ሁሉም አንድ እንዲሆን ነው!

አንዳንድ ጓደኞቼ «ይህ ወደ ኋላ መመለስ ነው» ይሉ ይሆናል። አይደለም። 3 ለ 2 የኢትዮጵያም የፈረንጅም አይደለም፤ የአውታር ጠባይ ነው። የፋርሶችን ሰንቱር እንመልከት። 72 አውታሮቹ በአራት በአራት ተቧድነው፣ የበገናን በርኩማ በመሰሉ 18 ትንንሽ የእንጨት ድጋፎች ላይ ያርፋሉ፤ በሁለት ቀጫጭን መዶሻዎችም ይመታል። ይህን ሁሉ አውታር መቃኘት ትዕግሥት የሚፈጅ ሥራ ነው። ቢሆንም ተጫዋቹ አንዳንዱን ድምፅ ከፒያኖው ሙሉ እርምጃ የጠበበ፣ ከግማሹም የሰፋ አድርጎ ይቃኘዋል፤ ፒያኖ የለውምና አልፈልገውም አላለም። 72 አውታር ያለው ሰው ያልሰነፈውን እኛ በስድስት አውታር መስነፋችን የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚያሰኝ ነው።

«ታዲያ ከፒያኖና ከጊታር ጋር ስንጫወትስ?» የሚለው ጥያቄ ግን ተገቢ ነው። ያን ጊዜ ክራሩ ከእነርሱ ጋር ይቃኝ። ከ1924 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ አርባዎቹ የአርመን ወጣቶች ከነሐስ መሣሪያዎቻቸው ጋር አዲስ አበባ ከገቡ ወዲህ፣ ከውጭ መሣሪያ ጋር ተጋብቶ የተወለደው ሙዚቃችን የምንኮራበት ነው። እኔ የምለው፣ ለጎረቤት ሲባል የተደረገ ስምምነት በገዛ ቤታችን ሕግ አይሁን ነው። ክራር ብቻውን ወይም ከድምፅ ጋር ሲሆን ማንን ፈርቶ ነው የሚዛነፈው?

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ጆሯችን ነው። ጡንቻ ካልሠራ እንደሚልም ሁሉ፣ ያልተጠየቀ ጆሮም መመለስ ይተዋል። ዛሬ በ250 እና በ252 መካከል ያለውን ልዩነት የሚሰማ ሰው በመካከላችን አለ። እርሱን ስልክ እያሳየን ዝም ካሰኘነው፣ ነገ ልዩነቱ መኖሩን የሚነግረን አይኖርም። ማስረጃ መዝኖ መፍረድ ልንማር የመጣን ተማሪዎች፣ በገዛ ጆሯችን የሰማነውን በመብራት ፈቃድ ብቻ የምናምን ከሆነ ትምህርታችን ምን ላይ ነው?

ስለዚህ ለክበቦቻችን የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ከየልምምዱ በፊት አሥራ አምስት ደቂቃ ለመቃኘት ብቻ ይመደብ። አንዱ መነሻውን ይስጥ፤ ቀጥሎ እጥፉ፣ ከዚያ 3 ለ 2፣ ከዚያ 4 ለ 3 በጆሮ ይፈለግ። ሦስተኛው ድምፅ የት ይረፍ የሚለው ክርክር ያስነሣ፤ ክርክሩ ራሱ ትምህርት ነው። ስልኩንም አንጣለው። የአስናቀች ወርቁንና የካሣ ተሰማን ክራር እናዳምጥበት፤ ያንን ሦስተኛ ድምፅ የት እንዳሳረፉት በገዛ ክራራችን እየፈለግን እንከተላቸው። ለመብራቱ ዓይናችንን ሰጥተን ለአውታሩ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ግን ይብቃን።