የመምህራን ዩኒቨርሲቲ ወደ ቆላ ይውረድ

የአዲስ አበባው የመምህራን ማሠልጠኛ ኮተቤ በ2009 ዓ.ም. ሜትሮፖሊታን ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የስም ለውጥ ብቻ አድርገው ያዩት አሉ። እኔ ግን ብዙም ያልተለመደ ጥሩ ውሳኔ ነው እላለሁ። በአገራችን መምህራን ለማፍራት የተቋቋመ ተቋም በሰፋ ቁጥር የተነሣበት ሥራ ወደ ዳር ይገፋል። በ1965 ዓ.ም. በዩኔስኮ እገዛ ሥራ የጀመረው የባሕር ዳር ፔዳጎጂ አካዳሚ የመምህራን አሠልጣኞችንና ሱፐርቫይዘሮችን ያወጣ ነበር። በኋላ ከከተማው ፖሊቴክኒክ ጋር ተዋሕዶ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ መምህር ማሠልጠን ከብዙ ሥራዎች አንዱ ሆኖ ቀረ። ኮተቤ ጠበብ ብሎ ወደ አንዱ ሥራ መመለሱ ደግ ነው።

መጥበቡ ብቻውን ግን አይበቃም። ሠልጣኙ ማስተማርን የሚማረው የት ነው? እንደ አሊዩ አምባ ባለ ቦታ መሆን አለበት ባይ ነኝ።

ከአንኮበር ቁልቁል ወደ ይፋት ሲወረድ የሚገኘው አሊዩ አምባ፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የሲራራ ነጋዴ የሚያርፍበት፣ በአሞሌ የሚገበያዩበት ከተማ ነበር። የዚህ ቆላ ልጅ ሒሳብን ከትምህርት ቤት በፊት ከገበያ ያውቀዋል። ሸዋ ሮቢት አካባቢ ወላጆቹ ማሾ ሲሸጡ አጠገባቸው የሚቆመውን ልጅ እናስብ። የሦስት ኪሎ ተኩል ዋጋ ቢጠየቅ በቃሉ ይናገራል። ሰሌዳ ላይ 3.5 ሲጻፍ ግን ዝም ይላል። ልምድ የሌለው መምህር ሰነፍ ነው ብሎ ያልፈዋል። የበሰለው ግን «እስቲ ማሾውን እንዴት አሰብከው?» ይለዋል። ልጁም «የሦስቱን አሰብኩ፣ የግማሹን ጨመርኩበት» ይላል፤ መምህሩ ይህንኑ መንገድ ሰሌዳው ላይ ይጽፍለታል። ይህ ዓይነቱ ብስለት በሌክቸር አዳራሽ አይገኝም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የመምህራን ትምህርት ማሻሻያ፣ ቴሶ የሚባለው፣ ለፕራክቲከም፣ ማለትም በትምህርት ቤት ለሚደረግ የማስተማር ልምምድ፣ ትልቅ ቦታ ሰጥቶ ነበር። በዚህ በኩል ትክክል ነበር። ነገር ግን አሠልጣኙ ክፍል ገብቶ ካላየ ፕራክቲከም ፎርም መሙላት ይሆናል። ቀጥሎ የመጣው ፒጂዲቲ፣ የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማው፣ ዲግሪውን አስቀድሞ፣ የማስተማር ሥልጠናውን መጨረሻ ላይ በአንድ ዓመት ለጠፈው፤ ይህ ስሕተት ነበር።

ጉዳዩ ለምን እንደሚያስቸኩል የተማሪዎቹ ውጤት ይናገራል፤ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ናቸው፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ። ጥፋቱን ሁሉ በመምህር ላይ መጫን ግፍ ነው፤ ጦርነቱም፣ የመጽሐፍ እጥረቱም አለ። ሆኖም ጠዋት ጠዋት ልጁ ፊት የሚቆመው መምህሩ ነው።

ስለዚህ ኮተቤ ሠልጣኞቹን ቢያንስ ለአንድ መንፈቀ ዓመት ወደ አሊዩ አምባና ወደ መሰሎቹ ትምህርት ቤቶች ይላክ። አሠልጣኙም አብሮ ይውረድ፤ ጠዋት ሲያስተምሩ ይያቸው፣ ከሰዓት በኋላ ስለ ክፍሉ ይነጋገሩ። ቤት ኪራይና አበል ይጠይቃል። ትምህርት ሚኒስቴር ለመምህራን ሥልጠና በጀት ሲይዝ መጀመሪያ ሊመድብ የሚገባው ለዚህ ነው።