ለአራት መቶ ባንኮች አንድ የፖስታ ሳጥን፦ ለናውሩ የገንዘብ ሹማምንት ግልጽ ደብዳቤ

ለናውሩ ኤጀንሲ ኮርፖሬሽን ኃላፊዎች፣
አዲስ ለተቋቋመው የኮማንድ ሪጅ የምናባዊ ሀብት ባለሥልጣን፣
ያሬን፣ ናውሩ

ክቡራን፣

በ1990ዎቹ መጨረሻ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 21 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በምትሰፋው ደሴታችሁ ወደ 400 የሚጠጉ ባንኮች ተመዝግበው ነበር። ሕንፃ አልነበራቸውም፤ ገንዘብ ከፋይ፣ ዘበኛ፣ ወረፋ የሚባል ነገር አያውቁም ነበር። የነበራቸው አድራሻ የመንግሥት የሆነ አንድ የፖስታ ሳጥን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሱቅ ልክፈት ብሎ ንግድ ፈቃድ የጠየቀ ሰው «የኪራይ ውልህን አምጣ» ይባላል፤ ውሉን ለማጸደቅ ደግሞ ሌላ ወረፋ አለ። እዚያ ወረፋ ላይ ለቆመ ሰው በፖስታ ሳጥን ባንክ የሚከፈትበት አገር ነበር ብትሉት የምታፌዙበት ይመስለዋል።

ሒሳብ እየመረመርኩ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ። ደብዳቤውን የምጽፈው ለዓመታት ግብር አልጣላችሁም ብዬ ልከስሳችሁ አይደለም። ግብር መጣልም መተውም የአገር ሥልጣን ነው። የምነቅፈው አሠራራችሁን ነው። በ1972 ሕግ ያቋቋማችሁት ኤጀንሲ ኮርፖሬሽን የመንግሥት ንብረት ነው። ለውጭ ሰዎች ኩባንያ የሚያስመዘግበው እሱ፣ አድራሻ የሚያውሳቸው እሱ፣ ጸሐፊ ሆኖ ወረቀታቸውን የሚይዘው እሱና ቅርንጫፉ። ክፍያው የሚገባው መንግሥት ካዝና ነው። ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠረውም ያው መንግሥት። የእኛ ሰው «አባቱ ዳኛ ልጁ ቀማኛ» የሚለው እንዲህ ያለውን ነው። በሌሎች የግብር መሸሸጊያ ደሴቶች ይህን ሥራ የሚሠራው የግል ጠበቃ ስለሆነ፣ መንግሥት ቢያንስ ለይስሙላ ይገሥጸዋል፤ አንዳንዴም ፈቃዱን ይነጥቀዋል። እናንተ ዘንድ ግን የሚገሠጽ ሌላ ሰው የለም። «የዚህ ባንክ ባለቤት ማን ነው?» የሚል የውጭ መርማሪ ደብዳቤ ይደርስ የነበረው፣ ላለመጠየቅ ዋጋ ወደተቀበለው ቤት ነው።

ገንዘቡ ያኔ እንዴት ይሄድ እንደነበር እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ለአንባቢዎቼ ስል ግን በአጭሩ ልናገር። ለምሳሌ የሩሲያ ነጋዴ ሩብሉን ወይም የኤክስፖርት ገቢውን በናውሩ ስም ወደተመዘገበ «ባንክ» ያዛውር ነበር። ያ ባንክ ሞስኮ ወይም ኒው ዮርክ ባለ እውነተኛ ባንክ ውስጥ የኮረስፖንደንት ሒሳብ፣ ማለትም ባንክ በሌላ ባንክ ውስጥ የሚከፍተው ሒሳብ፣ ነበረው፤ ከዚያ ወዲያ የሚታየው የአንድ ባንክ ስም እንጂ የሰው ስም አልነበረም። ዶላሩ ደሴታችሁን አንድ ቀን እንኳን አልረገጠም። የሩሲያ ማዕከላዊ ባንክ ምክትል ሊቀመንበር ቪክቶር ሜልኒኮቭ በ1998 ብቻ ወደ 70 ቢሊዮን ዶላር በናውሩ ባንኮች ስም ከአገራቸው እንደወጣ ተናግረው ነበር። ግምቱ ተጋንኗል እንበል፤ አሥር እጅ እንቀንስለት። አሁንም ከእናንተ አገር አቅም ጋር የሚመጣጠን አይደለም። ከዚህ ሁሉ ለእናንተ የደረሳችሁ የምዝገባና የዓመታዊ ፈቃድ ክፍያ ነው።

የመጣውን ታስታውሳላችሁ። በ1999 መጨረሻ ትልልቅ ዓለም አቀፍ ባንኮች በናውሩ በኩል የሚያልፍ የዶላር ዝውውር አቆሙ። በሰኔ 2000 ገንዘብ ማጠብን የሚታገለው ዓለም አቀፍ አካል፣ ፋይናንሻል አክሽን ታስክ ፎርስ፣ ጥቁር መዝገብ ውስጥ ከተታችሁ። በታኅሣሥ 2002 የአሜሪካ ግምጃ ቤት ገንዘብ በማጠብ ዋነኛ ሥጋት ብሎ ፈረጃችሁ። በ2003 እና 2004 የወረቀት ባንኮቹን ፈቃድ ሰረዛችሁ፤ ከመዝገቡ የወጣችሁት በጥቅምት 2005 ነው።

ይህ የታወቀ ታሪክ ነው፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላው ነው። ለውጭ ሰው የሸጣችሁት አለመጠየቅ እቤታችሁም ልማድ ሆኗል። የፎስፌት ገቢ ለመጪው ትውልድ እንዲቀመጥ የተቋቋመው የናውሩ ፎስፌት ሮያሊቲስ ትረስት በአንድ ወቅት ከአንድ ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ሀብት ነበረው። ሜልቦርን ላይ 52 ፎቅ ያለው ናውሩ ሃውስ የእሱ ነበር። ያ ሁሉ ሲሸረሸር የገንዘቡ ባለቤት የሆነው ዜጋ ሒሳቡን በወጉ አላየም። በ1993 ለንደን ላይ ስለ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የተሠራ የሙዚቃ ቲያትር በዚሁ በሕዝብ ገንዘብ ወጪው ተሸፍኖ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተዘጋ። አንዳንዶች በዚህ ይሥቃሉ፤ እኔ ሣቁ አይመጣልኝም። ማን ፈቀደ፣ ማን ፈረመ፣ የቦርዱ ቃለ ጉባኤ የት አለ ብሎ ዜጋው የሚጠይቅበት ቢሮ አለመኖሩ ነው ቁም ነገሩ። ናውሩ ሃውስ በ2004 በአበዳሪዎች ተይዞ ተሸጠ።

ከሁሉ የከፋው የናውሩ ባንክ ጉዳይ ነው። መንግሥታዊው ባንክ ባዶውን ሲቀር አስተማሪው፣ ዓሣ አጥማጁ፣ ጡረተኛው ያስቀመጠውን ገንዘብ ማውጣት አልቻለም። ደመወዝ በጥሬ ገንዘብ መከፈል ያዘ። ከአውስትራሊያ የመጣ የቤንዲጎ ባንክ ወኪል ቢሮ በደሴቲቱ የተከፈተው በ2015 ነው። ለማታውቁት ሰው 400 ባንክ የከፈታችሁ ሰዎች፣ ለራሳችሁ ሕዝብ የሚሠራ አንድ ባንክ ሳይኖራችሁ ዓመታት አለፉ። በሙያዬ ብዙ የተበላሸ ሒሳብ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም።

ድካማችሁን አልዘነጋሁትም። ፎስፌታችሁን እንግሊዝ፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ በጋራ ኮሚሽናቸው አማካይነት ለሃምሳ ዓመት ያህል ቆፍረው ወስደውታል። በ1968 ነፃ ስትወጡ፣ በራሳችሁ መሬት ላይ ያለውን የማዕድን ሥራ ለመረከብ 21 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ተጠየቃችሁ። መሬታችሁን ስላጠፉት አውስትራሊያን ዘ ሄግ ላይ ከስሳችሁ፣ በ1993 በ107 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ተስማማችሁ። የደሴቲቱ አብዛኛው ክፍል ዛሬም የተቦጫጨቀ ድንጋይ ነው። በዚህ ላይ ጥቁር መዝገብ የሚያወጡት አገሮች የራሳቸውን የገንዘብ መሸሸጊያ፣ ዴላዌርንና ለንደንን፣ አይመዘግቡም። ደካማን መርጦ መቅጣት ነው ብትሉ አልከራከራችሁም። ነገር ግን የእነሱ ግብዝነት ለናውሩ ጡረተኛ ገንዘቡን አልመለሰለትም።

ታዲያ አዲስ አበባ የተቀመጠ ሰው ምን አገባው ትሉ ይሆናል። ያገባኛል። የቀድሞው የደቡብ አፍሪካ ፕሬዚዳንት ታቦ ምቤኪ የመሩት የአፍሪካ ከፍተኛ ፓነል አህጉሪቱ በሕገወጥ የገንዘብ ፍሰት በየዓመቱ ከ50 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደምታጣ ገምቶ ሪፖርቱን በጥር 2015 ለአፍሪካ ኅብረት ያቀረበው እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። ግሎባል ፋይናንሻል ኢንተግሪቲ የተባለው የዋሽንግተን ተቋም ደግሞ ከ2000 እስከ 2009 ኢትዮጵያ 11.7 ቢሊዮን ዶላር እንዳጣች ገምቷል። ስሌቱን የሚጠራጠሩ አሉ፤ መንገዱን የሚጠራጠር የጉምሩክ ሰው ግን አላጋጠመኝም። ኦቨር ኢንቮይስና አንደር ኢንቮይስ የሚባለው፣ የዕቃን ዋጋ ከእውነተኛው በላይ ወይም በታች አድርጎ መጻፍ ነው። ቡናው እዚህ በዝቅተኛ ዋጋ ይጻፍና፣ ልዩነቱ የባለቤቱ ስም በማይታይ ኩባንያ ሒሳብ ውስጥ ይቀራል። ያ ኩባንያ የናውሩ ነው አላልኩም። የትም ቢመዘገብ ግን ከእናንተ የፖስታ ሳጥን ጋር አሠራሩ አንድ ነው።

አሁን ወደ አዲሱ ነገር ልምጣ። በ2025 መጀመሪያ ቢያንስ ለ105,000 ዶላር ዜግነት መስጠት ጀመራችሁ፤ ገንዘቡ ሰዉን ከባሕር ዳር ወደ ከፍተኛው ቦታ ለማዛወር ነው ብላችኋል፤ ዓላማው የሚከበር ነው። በሰኔ 2025 ደግሞ ፓርላማችሁ ለክሪፕቶ ገበያዎችና መሰል ድርጅቶች ፈቃድ የሚሰጥ ባለሥልጣን አቋቁሞ፣ በደሴቲቱ ከፍተኛ ቦታ በኮማንድ ሪጅ ስም ሰይሞታል። ከፈቃዱ ገቢ ይጠበቃል። ይኸው ቤት ተቆጣጣሪም ነው። የ1972ቱን አሠራር የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ልቡ ይፈራል፤ የዛሬው ደንበኛ ከድሮው የሚለየው የኮረስፖንደንት ባንክ እንኳን ስለማያስፈልገው ነው።

በሌላ መንገድ መሥራት እንደምትችሉ በራሳችሁ ሥራ አይቻለሁ። በ2015 የተቋቋመው የትውልዶች ትረስት ፈንድ ለጋሾች በኮሚቴው ተቀምጠውበት፣ ሒሳቡ በውጭ ኦዲተር እየተመረመረ ይሠራል። ያንን ልጓም ለጋሽ ገንዘብ ባለበት ፈንድ ላይ ካጠበቃችሁ፣ ፈቃድ ሻጩ መሥሪያ ቤት ላይ የምታላሉበት ምክንያት ምንድን ነው?

የምጠይቃችሁ ጥቂት ነው። ፈቃድ ሽያጩንና ቁጥጥሩን ለያዩት፤ የተቆጣጣሪው ደመወዝ ከሸጠው ፈቃድ ብዛት ጋር አይያያዝ። ኤጀንሲ ኮርፖሬሽኑ አድራሻ የሚያውሳቸውን ኩባንያዎች ዝርዝር አውጡ። የባለሥልጣኑ የኦዲት ሪፖርት ካቢኔው ካየው በኋላ ሳይሆን ከኦዲተሩ ቀጥታ ለፓርላማ ይድረስ። የክሪፕቶ ፈቃድ ስትሰጡ ደግሞ የድርጅቱን ስም ብቻ አታሳዩን። የእውነተኛውን ባለቤት ሙሉ ስም፣ ዜግነቱንና የገንዘቡን ምንጭ ያጣራውን ሰው ስም ጭምር በመንግሥት ጋዜጣችሁ ላይ አትሙት። ጋዜጣው በኢንተርኔት ይወጣል፤ እኔም እዚህ ሆኜ አነብበዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከአዲስ አበባ