ሲስተም ሜትር አይዘረጋም

ወዳጆቼ፣ በተለይ የቀድሞ ተማሪዎቼ፤ ዛሬ ደሞ ስለ ጣሪያና ግድግዳ ግብር ነው። የሰለቻችሁ እለፉት። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ያላችሁ፣ ወይ እናት አባታችሁ ቤት ያላቸው ግን ቆዩ።

የእናቴ ቤት 69 ካሬ ነው። ከወንድሜ ጋር ሜትር ዘርግተን ለክተነዋል። መዝገቡ ላይ ግን 96 ተብሎ ተጽፏል። ቁጥሩ ተገልብጧል፣ በቃ። ስህተት ያጋጥማል፤ እኔም ማርክ ስሞላ ተሳስቼ አውቃለሁ፣ የተጎዳችሁ ታስታውሳላችሁ። ያናደደኝ መስኮቱ ጋ ያለው ልጅ «ሲስተሙ ያወጣው ነው፣ እኛ ምንም ማድረግ አንችልም» ማለቱ ነው። እንዴ! ሲስተም ሜትር አይዘረጋም። 96 ብሎ ያስገባው ሰው ነው፣ የሚያስተካክለውም ሰው ነው።

«27 ካሬ ምን አላት?» ለምትሉ እናስላ። ይህ ግብር የሚሰላው ቤቱ ቢከራይ በዓመት ያወጣል ተብሎ በሚገመተው ኪራይ ላይ ነው። ለምሳሌ ካሬው በወር 100 ብር ቢገመት፣ 27 ሲባዛ በ100 ሲባዛ በ12፣ 32,400 ብር የሌለ ኪራይ ማለት ነው። በ4.5 በመቶ 1,458 ብር። በየዓመቱ! ጡረተኛ እናት ለሌላት ክፍል ትክፈል?

4.5 በመቶው ደሞ ሌላ ጉድ ነው። ምጣኔው የመጣው ከአዋጅ ቁጥር 80/1968 ነው፤ ከ1 በመቶ ይጀምርና እስከ 4.5 ይወጣል። መሰላሉ የተሠራው በዓመት ጥቂት ሺህ ብር የሚከራይ ቤት የሀብታም ቤት በነበረበት ዘመን ነው። የኪራይ ግምቱን በ2015 አሻሽሎ መሰላሉን በ1968ቱ መተው ምን ይባላል? ደሃውንም ጫፍ ላይ ሰቅሎ «ተራማጅ ግብር ነው» ማለት ቀልድ ነው።

ግብር አይከፈል የሚል ሰው ግን እኔ ጋ አይምጣ። መንገዱም፣ የኔም ደሞዝ ከዚያው ነው። ፌስቡክ ላይ ሲሳደብ ውሎ ማሳወቂያውን አንዴ እንኳ ያላነበበ ሰውም እኩል ያበሳጨኛል። ስድብ ካሬ አይቀንስም። ስሌቱን ጠይቁ፦ ስንት ካሬ ተባለ? የቦታው ደረጃ ስንት ነው? ግድግዳው ጭቃ ሆኖ ብሎኬት ተብሏል? መኖሪያው ንግድ ተብሎ ተሞልቷል? ከካርታችሁ ጋር አስተያዩት። ቅሬታችሁን በጽሑፍ አስገቡ፣ ቅጂው ላይ ቀንና ማህተም አስደርጉ። በቃል ያመለከተ ሰው አላመለከተም፤ እኔ ሁለት ጊዜ ተመላልሼ ነው የገባኝ።

አሁን ማስተካከል ደሞ ግድ ነው። በ2017 የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1365 ከኪራይ ግምት ወጥቶ ወደ ንብረቱ ዋጋ ይሄዳል፤ ለሕንፃ ከ0.1 እስከ 1 በመቶ፣ ለመሬት ከ0.2 እስከ 1 በመቶ። ያ 96 መዝገቡ ላይ ከቆየ በገበያ ዋጋ ሊባዛ ነው።

የእናቴ ማመልከቻ ገብቷል፤ ለካ ባለሙያ ይላክልን ብለናል፣ እየጠበቅን ነው። የማመልከቻውን ቅጂ የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ስሟን አጥፍቼ እልክላችኋለሁ።